ያረጀና የታመመ ውሻ ቤት ይገባዋልን?

በአዲስ አበባ የቆዩ ግቢዎች እየፈረሱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲተኩባቸው ነዋሪዎች ንብረታቸውን ጭነው ይሄዳሉ። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የእንጀራ ምጣዱ ሳይቀር ይጫናል። ብዙ ጊዜ ሳይጫን የሚቀረው ለዓመታት በሩን ሲጠብቅ የኖረው ውሻ ነው። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ለእርሱ የሚሆን ስፍራ አይገኝም፤ ለዘመድ እንዳይሰጥም ዕድሜው ገፍቷል። ቡችላ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት በተሻማበት ነበር። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያችን፣ ያበላው ሰው ትቶት ሲሄድ ውሻው ለማን እንደሚጮኽ አይነግረንም።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው አንድ ግቢ በጋራ ተከራይተን የኖርን አራት የፋኩልቲው ባልደረቦች ነን። ወደ ግቢው ስንገባ ከቤቱ ጋር አንዲት ውሻ ተረከብን። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ለዘበኛው አደራ ብለው ትተዋት ሄደዋል። ስሟ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ውሾች ቡቺ ነበር፤ ዕድሜዋም 10 ዓመት እንደሚጠጋ ዘበኛው ነገሩን። በልብስ ማጠቢያው ሣፋ ውስጥ የቀረውን ውኃ ሳይቀር ትጠጣለች፤ ሌሊት የምትተኛበት ጆንያ በሽንት ርሶ ያድራል፤ የሰጠናትን ሁሉ ትበላለች፤ ነገር ግን የጎን አጥንቷ ከቀን ወደ ቀን እየተቆጠረ መጣ። የሰፈሩ ሰው ፍርድ አንድ ዓይነት ነበር፤ «አርጅታለች፤ ብትገላገል ይሻላል»። ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ ሽንቷንና ደሟን ከመረመሩ በኋላ፣ «ያደከማት እርጅና አይደለም፤ ስኳር ነው» አሉን።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ለእርጅና መድኃኒት አልተገኘም፤ የስኳር በሽታ ግን አያያዝ አለው። ሁለቱን አንድ አድርገን በማየታችን ምክንያት ገና መኖር የሚችሉ እንስሳት «ጊዜያቸው አልፏል» ተብለው ይጣላሉ። አስተያየታችን የሚከተለው ነው፤ ዕድሜው የገፋና ሊያዝ የሚችል ሕመም ያለበትን ባለቤት ያጣ ውሻ ወስዶ ማሳደግ፣ አቅሙ ላለው ሰው በዕውቀት ላይ ሊመሠረት የሚችል ተገቢ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ አስተያየታችን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ሳንሸሽግ እናቀርባለን።

የውሻ እርጅና እንዴት ይለካል?

«የውሻን ዕድሜ በ7 ብታባዛው የሰውን ታገኛለህ» የሚለው ስሌት ብዙዎቻችን የሰማነው ነው። ስሌቱ ለመያዝ ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። አንድ ዓመት የሞላት ውሻ መውለድ ትችላለች፤ የ7 ዓመት ልጅ ግን ገና የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 104 የላብራዶር ዝርያ ውሾችን በማጥናት የተሻለ መለኪያ አቅርበዋል። በዕድሜ ምክንያት በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፉ ሜታይል የተባሉ ኬሚካዊ ምልክቶች ይለዋወጣሉ፤ ተመራማሪዎቹም የውሻውን የለውጥ ፍጥነት ከሰው ጋር አነጻጸሩ። የተገኘው ቀመር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አዲስ አይሆንም፤ የውሻውን ዕድሜ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ወስዶ በ16 ማባዛት፣ ከዚያም 31 መደመር ነው።

አንባቢ የሒሳብ መሣሪያውን አንሥቶ ቢሞክረው፣ የ1 ዓመት ውሻ ከ31 ዓመት ሰው፣ የ4 ዓመቱ ከ53፣ የ10 ዓመቱ ከ68፣ የ12 ዓመቱ ደግሞ ከ71 ዓመት ሰው ጋር እንደሚነጻጸር ይረዳል። ውሻ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይገሠግሣል፤ ኋላ ግን ርምጃው እየረጋ ይሄዳል። ቀመሩ የተሠራው በአንድ ዝርያ ላይ መሆኑና የሚለካውም ኬሚካዊ ለውጥን እንጂ የቀረውን ዘመን አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቢሆንም የ10 ዓመት ውሻ ነገ የሚያልፍ ፍጡር ነው የሚለውን ግምት እንድንመረምረው ያስገድደናል።

ከዚህም ሌላ ዕድሜ ለሁሉም ውሾች እኩል አይሠፈርም። በአጥቢ እንስሳት ዘንድ በጠቅላላው ትላልቆቹ ዝርያዎች ከትናንሾቹ ረዘም ያለ ዘመን ይኖራሉ፤ ዝሆን ከአይጥ ይበልጣል። በውሾች መካከል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግዙፎቹ ቶሎ ያረጃሉ፤ ትናንሾቹ ይቆያሉ። ስለዚህም የእንስሳት ሐኪሞች «ያረጀ» የሚሉት ከዝርያው አማካይ ዘመን የመጨረሻው ሩብ ላይ የደረሰውን ውሻ ነው። ለአንድ ግዙፍ ውሻ ይህ በ7 ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ ለመካከለኛው የአገራችን ውሻ ግን በ7 ዓመቱ ብርታቱ ገና ሳይከዳው ሊቆይ ይችላል።

አያያዝ በዕድሜ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣም የተረጋገጠ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ አንድ ረጅም ጥናት 48 የላብራዶር ውሾች ከቡችላነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ክትትል ተደርጎባቸዋል። ግማሾቹ ከጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። በመጠን የተመገቡት መካከለኛ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ዓመት ሆነ። የመገጣጠሚያ ሕመምም በመጀመሪያዎቹ ላይ ዘግይቶ ታየ። ውሻችንን ቀጭን አድርጎ ከማኖር የሚረክስ መድኃኒት የለም ማለት ነው።

ከውሻ የተበደርነው

የቡቺን በሽታ ስም ስንሰማ ከመካከላችን የሥነ ሕይወት መምህር የሆነው ባልደረባችን ፈገግ አለ። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «ስለዚህ በሽታ የምናውቀውን ዋና ነገር ያስተማሩን እኮ ውሾች ናቸው» አለን።

እውነቱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ በስትራስቡርግ የአንድ ውሻ ቆሽት በቀዶ ጥገና አወጡ። ውሻው ወዲያው ብዙ ይጠጣና ብዙ ይሸና ጀመር፤ ሽንቱም ስኳር ተገኘበት። የስኳር በሽታ ከቆሽት ጋር የተያያዘ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከ32 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ቆሽታቸው ለወጣ ውሾች በመርፌ ሰጡ። የደማቸው ስኳር ወረደ። ማርጆሪ የተባለችው ውሻ በዚህ መንገድ ከሁለት ወር በላይ በሕይወት ቆየች። በጥር 1922 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ፣ ጄምስ ኮሊፕ ይበልጥ ያጠራውን ይህንኑ ፈሳሽ ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በሽታው የያዘው ልጅ የሚጠብቀው በረኀብ መሰል አመጋገብ ጥቂት ወራት ማራዘም ብቻ ነበር። ዛሬ በየአገሩ በኢንሱሊን የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ሕይወታቸው ከእነዚያ ውሾች ጋር ይተሣሠራል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ኢንሱሊን የ51 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። የአሳማ ኢንሱሊን በአሚኖ አሲድ አሰላለፉ ከውሻ ኢንሱሊን ጋር አንድ ነው፤ ከሰው ኢንሱሊን የሚለየውም በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ለሰው የተሠራ ኢንሱሊን ውሻን፣ የአሳማውም ሰውን ሲያገለግል ኖሯል። በፍጥረታት መካከል ያለውን ዝምድና ከመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ይልቅ ይህች አንዲት ሞለኪውል ታስረዳለች።

የታመመ ውሻን ማስታመም የዘመናችን ቅንጦት ነው የሚል ካለም ወደ ኋላ ይመልከት። በጀርመን ቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሠራተኞች 14,000 ዓመታት ያህል ያስቆጠረ መቃብር አገኙ። በውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዐፅም ከአንድ የውሻ ዐፅም ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የውሻውን ጥርሶች ሲመረምር፣ ገና ቡችላ ሳለ ዲስቴምፐር በተባለው ከባድ የቫይረስ በሽታ በተደጋጋሚ መጠቃቱን የሚያሳዩ ምልክቶች በጥርሶቹ ሽፋን ላይ አገኘ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ያለ ሰው እንክብካቤ እነዚያን ሳምንታት ሊያልፍ አይችልም ነበር። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም አይረባም። ስለዚህም ለጥቅም ብቻ ሳይሆን ለራሱ ሲባል ታሟል ተብሎ ሳይጣል ኖሯል። ከውሻ ጋር ያለን ዝምድና የተጀመረው ጥቅሙን አስልተን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

«ሊያዝ የሚችል ሕመም» ስንል

እያንዳንዱ ሕመም ሊያዝ ይችላል አንልም። እኛ ይህን ስም የምንሰጠው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በሽታው በሐኪም ታውቆ ሲገኝ፣ ዕለታዊ አያያዙ በቤት ውስጥ ሊፈጸም ሲችል፣ ወደ ሰው የማይተላለፍ ሲሆን፣ እንዲሁም እንስሳው አብዛኛውን ጊዜውን ያለ ሥቃይ የሚያሳልፍ ሲሆን ነው።

በዚህ ሚዛን ብዙ ሕመሞች ያልፋሉ። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት መሳሳት ያረጁ ውሾችን በእጅጉ ያጠቃል፤ በክረምቱ ቅዝቃዜ ደረቅ መኝታ፣ ቀጭን ሰውነት፣ አጠር ያለ ዕለታዊ ጉዞና ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ ብዙውን ሸክም ያቀሉለታል። የታይሮይድ ዕጢ መድከም በየቀኑ በሚሰጥ እንክብል ይስተካከላል። የሚጥል በሽታም በብዙ ውሾች ላይ በመድኃኒት ይገታል። ዓይኑ የጠፋ ወይም ጆሮው የደነቆረ ውሻ ደግሞ መድኃኒት እንኳ አይሻም፤ የሚሻው የዕቃዎቹን ቦታ የማይለዋውጥና ድንገት ከኋላው መጥቶ የማያስደነግጠው ሰው ነው።

የስኳር በሽታው ግን ሥርዓት ይጠይቃል። በውሻ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የቆሽቱ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት የጠፉበት ዓይነት ስለሆነ በእንክብል አይታከምም፤ መርፌ የግድ ነው። መርፌው በየ12 ሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር ይሰጣል። የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ተመቸን፤ ጧት በ1 ሰዓት፣ ማታም በ1 ሰዓት። ለአንድ ሰው ይህ እስራት ነው፤ ከከተማ መውጣት የለም፤ ለልቅሶም ለሠርግም ማደር የለም። ለአራት ሰው ግን ተራ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን የአበው ቃል ትርጉም በዚያ ግቢ ውስጥ ተማርን። ተራውን የምናሰፍርበት ደብተር በወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ።

አንድ ማታ ተረኛው ምግቡን ማቅረቡን እንጂ መበላቱን ሳያረጋግጥ መርፌውን ሰጣት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቡቺ ተንገዳገደች፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኢንሱሊኑ በደሟ ውስጥ ያለውን ጥቂት ስኳር ወደ ሕዋሳት አስገብቶ ለአንጎሏ የሚሆን አሳጥቷት ነበር። ሐኪሙ አስቀድመው እንዳስተማሩን በጣታችን ማር ወስደን ድዷን አሸናት። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ቀላል ስኳር ስለሆነ መፈጨት ሳያስፈልገው ይሠራል። ራሱን ለሳተ እንስሳ በአፉ ፈሳሽ ማፍሰስ ግን ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ክልክል ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና አለች፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም ሄድን። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የበሽታው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተሩ ላይ «በልታለች» የሚል ረድፍ ተጨመረ፤ መርፌውም ከዚያ ረድፍ በኋላ ሆነ።

በስድስተኛው ወር ዓይኗን የዓይን ሞራ ጋረደው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር በዓይን ሌንስ ውስጥ ወደ ሶርቢቶል ይለወጣል፤ ሶርቢቶልም ውኃ ስቦ ሌንሱን ያደፈርሳል። ስኳር ባለባቸው ውሾች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። እኛ አዘንን፤ እርሷ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ግቢውን በአፍንጫዋ አጥንታ ጨረሰች። በሩ ሲንኳኳ ከሁላችን ቀድማ የምትደርሰው እርሷ ነበረች።

«ሰው ሳይድን ለውሻ?»

ከሚቀርቡልን ተቃውሞዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። በአገራችን ኢንሱሊን በሚፈልጉበት ሰዓት የማያገኙ ወይም ዋጋው ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። ለውሻ ኢንሱሊን መግዛት ከእነርሱ አፍ መንጠቅ አይሆንምን?

ጥያቄውን በንድፈ ሐሳብ ብቻ አላወቅነውም። አንድ ቀን በአንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ ባለሙያዋ አንድ ጠርሙስ ብቻ እንደቀራት ነገረችን። ከኋላችን የቆሙት አባት የሴት ልጃቸውን የሐኪም ማዘዣ በእጃቸው ይዘው ነበር። ጠርሙሱን ለእርሳቸው ትተን ወጣን። ቤት ውስጥ ለ9 ቀናት የሚበቃ ኢንሱሊን ስለነበረን ውሻዋ አልተጎዳችም፤ በሰባተኛውም ቀን ሌላ አገኘን። የ9 ቀኑ ባይኖረን ኖሮስ? ያን ምሽት አራታችን ተቀምጠን የተስማማንበት ሕግ ይህ ነው፤ ሰው ይቀድማል፤ ለሰው በድጎማ ከሚቀርበው መድኃኒት ለውሻ አንወስድም፤ መደርደሪያው በጎደለበት ወቅት አንገዛም፤ የምንገዛው በሙሉ ዋጋ፣ ከግል መድኃኒት ቤት፣ መድኃኒቱ በበቂ ሲኖር ብቻ ነው። መድኃኒቱ ፈጽሞ ከጠፋም ውሻዋ በሥቃይ እንድትሞት ከማድረግ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፏት እንጠይቃለን።

ከዚህ የሚከተለውን መደምደሚያ አንሸሽም። ዛሬ ባለው የአገራችን ሁኔታ ኢንሱሊን የሚሻ ውሻ ማሳደግ ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነው፤ ለተማሪ አንመክረውም። ነገር ግን ተቃውሞው ወደ ሌሎቹ ሕመሞች ሲሻገር ኃይሉን ያጣል። መገጣጠሚያው የደከመ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ጥርሱ ያለቀ ውሻ ከማንም ታማሚ ምንም አይወስድም። የሚጠይቀው ጊዜ፣ ደረቅ መኝታና መጠነኛ ምግብ ነው። በእነዚህም ላይ «ሰው ሳይድን» የሚለውን ቃል የምናነሣ ከሆነ፣ መድኃኒት ለሌለው ሰው ተቆርቁረን ሳይሆን ላለመድከም ምክንያት ፈልገን እንዳይሆን ራሳችንን እንመርምር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ባለቤት ያጣ ውሻ ሲበዛ የሚጎዳው ሰው ራሱ ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ በሽታውን ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት መካከል እስከ 99 በመቶ ውሾች ናቸው። ከተሞቻችን ለብዙ ዓመታት የመረጡት መንገድ መርዝ ነበር። የውሻው ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል፤ በሽታው ግን አይቀርም፤ በተገደሉት ስፍራ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይተኩና ዑደቱ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብን ነው። የተከተበና ባለቤት ያለው ውሻ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባል፤ የተጣለው ውሻ ግን ክትባቱን የሚያሳድስለት ስለሌለ ከቁጥሩ ይወጣል። የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ለአካለ መጠን የደረሱ እንስሳት ብቻ የቀሩለት ዝርያችን፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደጋጋሚ የረገፈው ከውሾች በተላለፈበት በዚሁ በሽታ ነው። ስለ ውሻ የምናደርገው ነገር በውሻ ላይ ብቻ አይቆምም።

ከመውሰዳችን በፊት

ይህን አንብቦ መንገድ ላይ ያገኘውን የመጀመሪያውን ደካማ ውሻ ሊያቅፍ የሚነሣ ተማሪ ካለ እንዲያቆም እንለምነዋለን። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል አይነካም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ሊወሰድ የሚገባው ጠባዩና ታሪኩ የሚታወቅ፣ ለምሳሌ የጎረቤት ወይም በበጎ ፈቃደኞች መጠለያ ውስጥ የሰነበተ ውሻ ነው። ያረጀ ውሻ ከቡችላ የሚበልጠውም በዚህ ነው። ቡችላው ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ያረጀው ግን ጠባዩ የተገለጠ ነው። ልጅ ይወድ እንደሆነ፣ ዶሮ ያባርር እንደሆነ፣ ሌሊት ያለ ምክንያት ይጮኽ እንደሆነ ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

ከዚያም በቅድሚያ ሐኪም ይየው፤ ክትባቱም ይሟላ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሰው መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ለራስ ምታታችን የምንውጣቸው ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ፓራሲታሞል የውሻን ጨጓራ፣ ኩላሊትና ጉበት ሊጎዱ፣ ሊገድሉም ይችላሉ። የተረፈ ወጥ መስጠትም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ቸኮላትም ይመርዘዋል። ስኳር አልባ በተባሉ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል በውሻ ቆሽት ላይ ድንገተኛ የኢንሱሊን ጎርፍ ስለሚያስነሣ ጥቂቱ እንኳ አደገኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ውሻ ያለው ሰው ደግሞ መርፌውንና ጠርሙሱን ያመሳክር፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 አሃድ ለያዘ ኢንሱሊን የተሠራ መርፌ፣ 40 አሃድ ለያዘው ከተሠራው ጋር ቢቀያየር የመጠን ስሕተቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል።

በመጨረሻም ወጪው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የወሩ ምግብ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ የሐኪሙ ክፍያ፣ ለድንገተኛ የሚቀመጥ ገንዘብ። በእረፍት ጊዜ ማን እንደሚጠብቀው ስሙ ይጻፍ። ይህን መጻፍ የማይችል ሰው አይውሰድ። መልካም ሥራ የሚጀመረው በስሜት ሊሆን ይችላል፤ የሚፈጸመው ግን በደብተር ነው። አንድ ነገር ግን ለተማሪ እንደ ጥቅም ሊቆጠር ይችላል፤ ቡችላ መውሰድ የ12 እና የ14 ዓመት ቃል ኪዳን ነው፤ ከምረቃ በኋላ የት እንደሚመደብ የማያውቅ ወጣት ይህን ቃል እንዴት ይገባል? የ10 ዓመት ውሻ የሚጠይቀው ከዚያ እጅግ ያጠረ ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ቡቺ በሐኪም ከታየችበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖረች። በመጨረሻ ኩላሊቷ ደከመ፤ ምግብ እምቢ አለች፤ ሐኪሙም ከዚህ በኋላ ያለው ሥቃይ ብቻ መሆኑን ነግረውን ያለ ሥቃይ አሳረፏት። ደብተሩ እስከ ዛሬ አለን። በውስጡ ከ1,600 በላይ መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ሰዓት፣ መጠን፣ «በልታለች»፣ ፊርማ ይዟል። አራት ሰዎች ለሁለት ዓመት ጧትና ማታ አንድን ነገር ሳያጓድሉ መሥራት እንደሚችሉ ከዚያ በፊት ብንጠየቅ እንጠራጠር ነበር።

በርእሱ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ያረጀና የታመመ ውሻ በማንም ቤት፣ በማንኛውም ዋጋ ይግባ አንልም። በሽታው ታውቆ፣ አያያዙ ተጠንቶ፣ ከሰው ድርሻ ሳይወሰድ መኖር የሚችል ከሆነ ግን ዕድሜው ብቻ እንደ ሞት ፍርድ ሊቆጠርበት አይገባም። ውሻ ስለ ስኳር፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ራሳችንም ሰውነት ብዙ አስተምሮናል። በሩን ሲጠብቅ ከኖረበት ግቢ ዕቃ ስንጭን ቢያንስ ዞር ብለን እንየው፤ የቀረው ዘመን አጭር ቢሆን እንኳ ያ ዘመን የእርሱ መሆኑን እናስብ።